ሙሾ የማይወጣው ዜና

ራሴ ላይ የቀረው ፀጉር መቀስ የሚያስነሳ አይደለም፤ ቢሆንም ከፀጉር ቤት አልቀርም። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ጉልበቴን ላሳርፍ ብዬ ገባሁና ተራዬን ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስለ አንድ ጦርነት ያወራ ነበር። አገሩ ሩቅ ነው፤ የከተማዋን ስም ሲጠራ ዜና አንባቢው ራሱ ተደናቀፈ። "ውጥረቱ ተባብሷል" አለ። "ሁለቱም ወገኖች እርስ በርስ ተወነጃጅለዋል" አለ። ጭስ አሳየን፤ የተደረመሰ ፎቅ አሳየን፤ ሻሽ ያሰረች አንዲት ሴት ደረቷን እየደቃች ስትጮህ አሳየንና ምን እንደምትል ሳይነግረን ወደ እግር ኳስ ተጫዋቾች ዝውውር አለፈ። ዕድሜዬን በልብስ ስፌት የገፋሁ ሰው ነኝና መጀመሪያ ያየሁት የአንባቢውን ኮት ነው፤ ትከሻው ላይ አልተቀመጠለትም። ቀጥሎ ንዴቴ መጣ። "ያቺ ሴትዮ ምን አለች?" አልኩ ጮክ ብዬ። ፀጉር ቆራጩ ማሽኑን አጥፍቶ "የቷ ሴትዮ፣ አባባ?" አለኝ። አላያትም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጎልማሳም አላያትም፤ ስልኩን ያይ ነበር። እኔም ተራዬን ትቼ ወጣሁ።

መንገዱን ሙሉ ስነጫነጭ ሄድኩ። ሽማግሌ ሲናደድ የሚሰማው የለም፤ ከራሱ ጋር ተከራክሮ፣ ራሱን ረትቶ ቤቱ ይገባል። "ምን አለች?" ብሎ መጠየቅን የተማርኩት ከአክስቴ ከእታገኝ ነው። እሷ ዛሬ ኖራ ያንን ቴሌቪዥን ብታይ ኖሮ፣ የሴትዮዋ ስም፣ የልጇ ስም፣ የሰፈሯ ስም ከውስጡ እስኪረግፍ ድረስ ሳጥኑን ከግድግዳው አውርዳ ታራግፈው ነበር። አክስቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው፤ እኔ ግን ዜና በሰማሁ ቁጥር አጠገቤ የተቀመጠች ይመስለኛል።

ወታደሮቹ አገር ይገዙ በነበረበት በዚያ ዘመን ሱቄ እዚህ ላሊበላ፣ ከቅዳሜ ገበያ ወደ ላይ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበረች። ሱቅ ማለቴ ለክብሬ ነው፤ አንዲት የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና የዘመመ የቆርቆሮ ጥላ ማለት ነች። ገበያተኛው ከብልባላም፣ ከየአምባውም አህያውን እየነዳ ሲመጣ እኔ ጋ ሳይቆም አያልፍም። ገበሬው ካኪ ቁምጣ፣ ተማሪው እግሩ የሰፋ ሱሪ፣ ሴቱ ወገቡ የተሸበሸበ የአቡጀዲ ቀሚስ ነበር የሚያሰፋው። ከደሴ ጥቁር ቴትሮን የመጣ እንደሆነ ገበያው ይታመሳል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ስሙኒ ያለው ሰው ሻዩን ጠጥቶ፣ ዳቦውን ገምጦ፣ ለክብሪት ይተርፈዋል። አዲስ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ጎረምሳ በዚያ ዳገት ሲወጣ ድንጋይ እየመረጠ ነበር የሚረግጠው። ዛሬ ዳገቱ ተነጥፏል፤ ሱቄ በነበረችበት ቦታ የእንጨት መስቀልና የብራና ሥዕል ለቱሪስት ይሸጥበታል። ልጆቹ "ግቡ አባባ፣ ማየት በነፃ ነው" ይሉኛል። እኔ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው።

ከመኪናዬ ቀጥሎ የምወደው ራዲዮኔን ነበር። ከአንዲት ሙሽራ ቀሚስ በተረፈ ቀይ ከፋይ ሸሚዝ ሰፍቼለት ስለነበር "ከባለቤቱ ራዲዮው አማረበት" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥቼ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ አሞቀዋለሁ፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን የዜናው ማርሽ ይመታል፤ የገበያው ሰው አህያውን እያሰረ፣ እህሉን ለጎረቤት አደራ እያለ ከጥላዬ ሥር ይሰበሰባል። ራዲዮኑ የማያውቀው ነገር አልነበረም። የወዳጅ አገር መሪ ማንን እንደተቀበሉ፣ የትኛው ፋብሪካ ከዕቅድ በላይ እንዳመረተ፣ በየትኛው የዓለም ጥግ ጭቁኖች እንደተነሡ ያውቃል። ጠላት ዘወትር "ድባቅ ይመታል"፤ "ግስጋሴው" ዘወትር ይቀጥላል። ከእኛ ተራራ ማዶ ስለሚጮኸው መድፍ ግን አንድም ቀን አልነገረን። እንዲያውም አንድ ቅዳሜ መድፉን በጆሯችን እየሰማን "በአካባቢው አስተማማኝ ሰላም ሰፍኗል" ሲል፣ ከብልባላ የመጣ አንድ ገበሬ ዱላውን ተደግፎ "እንግዲያው ይኼ የሚያጉረመርመው ሰማዩ ነዋ፤ እሰይ፣ ዘንድሮ ዝናብ አለ" አለ። ሳቃችንን በነጠላችን አፈንነው።

በር ዘግተን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን የምንሰማው የውጭ ጣቢያም ነበር። ያም የራሱ በሽታ ነበረበት። ሁሉን ነገር "ተብሏል" ይላል፤ ቀጥሎ "ከገለልተኛ ወገን ማረጋገጥ አልተቻለም" ይላል፤ ከዚያ ዘፈን ያሰማናል። አንደኛው ሁሉን እናውቃለን ባይ፣ ሌላው ምንም አላረጋገጥንም ባይ ነበሩ፤ በሁለቱ መሃል የምንኖር ሰዎች መሆናችንን ግን ሁለቱም የረሱት ይመስለኛል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው፤ ቢሆንም በማግስቱ ድንጋዬን ፀሐይ አሙቄ እንደገና እከፍተው ነበር።

አክስቴ እታገኝ ሙሾ አውጪ ነበረች። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እንደ እኩያዬ "አንቺ" ነበር የምላት፤ አገሩ ግን ይፈራት ነበር። ሙሾ ዝም ብሎ ከአፍ የሚፈስ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። አክስቴ ሰው ሞተ ሲባል ከማልቀሷ በፊት ትጠይቃለች። በሬዎቹ ማን ማን ይባላሉ? ማንን ክርስትና አነሣ? ከማን ተጣልቶ፣ ከማን ታርቆ ነበር? ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም? የት ወደቀ፣ ማን አገኘው፣ ዓይኑን ማን ከደነው? ብልባላ አጠገብ አንድ ንብ አርቢ ከገደል ወድቆ የሞተ ጊዜ፣ ለቅሶው ከመቆሙ በፊት ገደሉን ሄዳ አየችው። አፋፉ ላይ ቆማ ንቦቹ ወደ ቀፎው ሲገቡና ሲወጡ ስታይ ቆየች። ከዚያ ለቀስተኛው መሃል ገብታ እንዲህ አለች፦

ገደሉን አፋፉን ንቦች እያወቁ፣
ምነው ሳያስጥሉህ ማር ብቻ ጠበቁ።

ያን ዕለት ከሟቹ ጋር በድንበር የተካሰሰው ሰውዬ ሳይቀር መሬት ላይ ተንከባለለ። ሰው ግጥሟን ሲያደንቅላት አትወድም ነበር። "እኔ ምን አደረግሁ፤ ያየሁትን ነው ያልኩት" ትላለች። "ያላየሁትንና ያልጠየቅሁትን ባለቅስ ሟቹን ሁለተኛ መግደሌ ነው።"

የእትዬ የሺመቤት ልጅ ካሳው እኩያዬ ነበር። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ፤ ቤታቸው ከእኛ ቤት ጋር በጓሮ ይገናኛል። ከቁመቱ የተነሣ ሱሪ ስሰፋለት ጨርቅ ይፈጅብኝ ነበርና "አንተን ከማለብስ ድንኳን ብሰፋ ይቀለኛል" እለው ነበር። "ድንኳኑንም ስፋው፤ እናቴ አንድ ቀን እኔን ትድርበታለች" ይለኛል እየሳቀ። አንድ ቅዳሜ ጨው ሊገዛ እንደወጣ ከገበያው መሃል ከሌሎች ጎረምሶች ጋር አፈሱትና ለውትድርና ወሰዱት። እኔን ያዳነኝ ግራ እግሬ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አነክሳለሁ፣ መኪናዬንም የምረግጠው በቀኙ ነበር። እናቱ ጭነት መኪናው ድረስ ሮጠው ነጠላቸውን ወረወሩለት፤ ያዘውና አንገቱ ላይ ጠመጠመው። መጀመሪያ ሰሞን ደብዳቤ ይልክ ነበር፣ እኔ ነበርኩ የማነብላቸው፤ ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኑ፣ በሬዎቹን ለሰው እንዳትሰጡ ይላል። ኋላ ቆመ።

ደብዳቤው በቆመ ጊዜ እትዬ የሺመቤት እኛ ቤት መጥተው ከአክስቴ ፊት ለፊት ተቀመጡ። "እታገኝ" አሏት፣ "ልጄን ቅዱስ ላሊበላ ይጠብቀው። እንዲያው ግን ሌላ ነገር ቢሆን የምታለቅሽለት አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው አፉን እንዳይከፍትብኝ።" አክስቴ "እሺ" አለቻቸው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቃል ተሰጥቶ ወደኋላ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አክስቴ ዜና ሰሚ ሆነች። ከሰባት ሰዓት በፊት መጥታ አግዳሚው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እንደ ለቅሶ ቤት ነገሯ ሁሉ ጥያቄ ነው።

"'በሰሜኑ ግንባር' አለ። ግንባር ማለት የቱ ነው? ወንዝ ነው፣ ሜዳ ነው?"

"ግንባር ነዋ፣ አክስቴ። ጦርነቱ ያለበት።"

"ስም የለውም?"

"አልነገረንም።"

"'ቁጥሩ የበዛ ጠላት ተደመሰሰ' አለ። የማን ልጆች ናቸው?"

አንዱ ገበያተኛ "ኧረ እትዬ እታገኝ፣ ለጠላትም ሊያለቅሱ ነው?" አላት ሊያስቅ።

"እናት ካላቸው ምን ይከለክለኛል" አለች።

እንዲህ ያለ ንግግር በዚያ ዘመን ሰው ያስበላል። እኔ ቶሎ ብዬ የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረግሁት። እሷ እቴ፣ ጭራሽ ቀጠለች። "ከእኛስ ማን ሞተ? አንድ ወገን ብቻ የሚሞትበት ጦርነት የት አገር ነው ያለው? አንተ ሲሳይ፣ ይኼን ሰውዬ ጠይቅልኝ እስቲ።" ራዲዮን እንደማይጠየቅ ታውቃለች፤ ሞኝ አልነበረችም። ጨርቄን አንሥቼ መስፋት ጀመርኩ። የራዲዮኑ ዜና ልክ ሳይወሰድ የተሰፋ ልብስ ይመስለኝ ነበር፤ ለሁሉም ይሆናል ብለው የሰፉት፣ ለማንም የማይሆን።

ከተማችን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተላልፋ በተመለሰች ሰሞን አንድ የውጭ አገር ጋዜጠኛ መጣ። አስጎብኚው የሰፈራችን ልጅ ስለነበር አክስቴ መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘችው። "ንገርልኝ" አለችው፣ "ሰሜን የሄዱ ልጆቻችን የት እንደደረሱ ጠይቆ ይንገረን። ካሳው ይባላል፤ ረጅም ነው፣ ግራ ቅንድቡ ላይ በሬ የወጋው ጠባሳ አለበት።" አስጎብኚው አስተረጎመ። ፈረንጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት፤ ከዚያ ፎቶ አነሣት። መጥፎ ሰው አልነበረም፣ ዓይኑ ያሳዝን ነበር። ከቀናት በኋላ የውጭው ጣቢያ ስለ ላሊበላ ሲያወራ ሁላችንም ጆሯችንን ጣልን። ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ጉዳት እንዳልደረሰባቸው ተገለጸ አለ። "ተመስገን፣ ድንጋዩ ደህና ነው" አለች አክስቴ። ይኼን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። በቅርቡም ሌላ ጦርነት በላያችን ሲያልፍ፣ ስልኩ የሠራ ዕለት አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ደውሎ "ቤተ ክርስቲያኖቹ ደህና ናቸው ሲሉ በዜና ሰምተን ደስ አለን" አለኝ። እኔ በዚያው ሳምንት ጎረቤቴን ቀብሬ ነበር። ምን ልበለው? "አዎ፣ ደህና ናቸው" አልኩት።

ከዚያ አንድ ወሬ መጣ። ኩልመስክ በምትባል ቦታ ከጦር ሜዳ ቆስሎ የተመለሰ ልጅ አለ ተባለና እትዬ የሺመቤትና አክስቴ በእግራቸው ሄዱ። ልጁ ካሳውን በስም አያውቀውም፤ የነበረበትን የጦር ክፍል ግን ያውቀዋል። "ከዚያ ክፍል እኔ ያየሁት የወጣ ሰው የለም፣ እናቴ" አላቸው። ቀጠል አድርጎ ደግሞ "እኔም ሁሉን አላየሁም" አለ። ሲመለሱ ሱቄ አረፍ አሉ፤ ከሴቶቹ እግር ላይ አቧራውን ሳላጥብ ሰባት ሰዓት ሆነ። የአዲስ አበባው ጣቢያ ሠራዊቱ ለስልት ሲል ቦታ መቀየሩን፣ ጠላትም መደምሰሱን ተናገረ። ማታ ቤት በር ዘግተን የሰማነው የውጭው ጣቢያ ደግሞ በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ሞቷል ተብሏል፣ ግን አልተረጋገጠም አለ። እትዬ የሺመቤት ወደ እኔ ዞረው "እንግዲህ ልጄ የትኛው ውስጥ ነው ያለው?" አሉኝ። ደብዳቤ ሳነብላቸው የኖርኩ ሰው፣ ያን ማታ ራዲዮኑን ዘጋሁት።

በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ያየ ሰው፣ ወይም ካየ ሰው የሰማ ሰው መኖር አለበት። ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ የነፍስ አባት ይጠራሉ፤ ጎህ ሲቀድ ቤቱን ከብበው፣ የሚደግፏትን ሴቶች አጠገቧ አድርገው ነው ለእናት የሚነግሩት። የእትዬ የሺመቤት የነፍስ አባት በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ነበሩና እዚያ ድረስ ወረድን። "ያየ ሰው ሳይኖር መርዶ አይነገርም፣ ልጄ" አሏቸው አባ። "ያልሞተውን ሞተ ማለት ኃጢአት ነው።"

"የሞተውንስ አልሞተም ብሎ መቀመጥ፣ አባቴ?" አሉ እትዬ የሺመቤት።

ከዋሻው ጣራ ጠብ ጠብ የሚለው ጠበል ብቻ ነበር የሚሰማው። አባ መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙን።

ከዚያ በኋላ ባንድ ንጋት በጩኸት ነቃን። እትዬ የሺመቤት ከደጃቸው ወጥተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ "ካሳዬ! ካሳዬ!" ይላሉ። መርዶውን ለራሳቸው ያረዱት ራሳቸው ነበሩ። እንዲህ ያደረገ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። የሰፈር ሰው ግራ ገባው፤ ግን እናት እየጮኸች ማን ቤቱ ይቀመጣል? የካሳው ልብስ ወጣ፤ እኔ የሰፋሁት ረጅም ሱሪ መደብ ላይ ተዘረጋ። ፀሐይ ሞቅ ሲል የቀበሌው ሊቀመንበር ጥበቃዎቹን አስከትሎ መጣ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለ።

"ለቅሶ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለው አንድ ሽማግሌ።

"የምን ለቅሶ? ዜናውን አልሰማችሁም? ድል ነው እኮ የተባለው። ድል ተደርጎ ይለቀሳል?"

"ልጄ ነው" አሉት እትዬ የሺመቤት።

"እናቴ፣ ማን ሞተ አለዎት? ማን ነገረዎት? የሞተ ሰው ካለ መንግሥት ራሱ ይነግረን ነበር። ይኼ ሽብር ነው።" ድምፁ ትልቅ ነበር፤ ዓይኑ ግን መደቡ ላይ ካለው ሱሪ አልተነሣም። የገዛ ወንድሙ ልጅ ከካሳው ጋር በአንድ መኪና ነበር የሄደው፤ ሁላችንም እናውቃለን። "ቶሎ ጨርሱ" ብሎ ሄደ። ስንት ጊዜ ሰድቤዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን አዘንኩለት።

አክስቴ ገባች። ክቡ ተከፈተላት። ሌሊቱን አልተኛችም ነበር መሰለኝ ፊቷ አመድ መስሏል። እጇን አነሣችና ከምታውቀው ጀመረች፦

ዳልቻ ከነቡሬ ቀንበር ተሸክመው፣
አራሹን ጠየቁ ከማሳው ላይ ቆመው።

ሰዉ ተነቃነቀ። የማሳውን ጫፍ ከቆምንበት እናየዋለን፤ በሬዎቹም እዚያው ነበሩ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ እትዬ የሺመቤት ወገባቸውን ይዘው ተንበረከኩ፤ እንባው ሊመጣ ነው አልኩ። አክስቴ ዞረችና "ካሳው የወደቀው…" አለች። ቆመች። እንደገና አንድ ዙር ዞራ "ካሳው የወደቀው…" አለች። ሁላችንም የቀረውን ጠበቅን። የት? በየት በኩል? ማን ውሃ አቀመሰው? ማን ዓይኑን ከደነው? አፏ ተከፍቶ ቀረ። ከኋላ አንድ ሰው ሊረዳት ፈልጎ ቀስ ብሎ "ግንባር በያት" አለ። ሌላው "ለስልት ሲባል…" ጀምሮ አፍሮ ተወው። ሌላ ሙሾ አውጪ ብትሆን አንድ ተራራ፣ አንድ ወንዝ ፈጥራ ትጨርሰው ነበር። አክስቴ ግን እጇን አወረደች። ዙሪያውን አየሁ፤ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል፤ የመጣው እንባ እመንገድ ላይ ደርቋል። አንድ ሕፃን ሳል ያዘው፤ ከዚያ በቀር ድምፅ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እትዬ የሺመቤት ከተንበረከኩበት ቀና አሉ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ደረቅ ነው። የአክስቴን ፊት አዩ፤ የጎረቤቶቹን ፊት ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከለበሱበት መለሱትና "ለሕያው እንባ አይወርድም" አሉ። "አያችሁ? እንባው እንቢ አለ። ልጄ አልሞተም።" ተነሡና ሱሪውን ከመደቡ አንሥተው አጣጥፈው ወደ ቤት ገቡ። ማን ይከራከራቸዋል? አባቶቻችን ያሉት ነገር ነው፤ ላልሞተ ሰው ሲያለቅሱለት እንባ አይመጣም ይባላል። እኔ ግን እንባው የቀረበትን ምክንያት አውቀዋለሁ። አክስቴም ታውቀዋለች። እየተደጋገፍን ወደ ቤታችን ስንሄድ "አሰርኳት" አለችኝ። "ልጇን እንዳትቀብር፣ እንዳትረሳም አድርጌ አሰርኳት።" የአንቺ ጥፋት አይደለም አልኳት። "የማን ነው ታዲያ?" አለች።

ከዚያ በኋላ እትዬ የሺመቤት ነጭ ለበሱ። ለልጃቸው ሚስት አጩ፤ የልጅቱ ቤተሰብ አዝኖ እንደ ቀልድ ተቀበላቸው፤ ልጅቱ ኋላ ሌላ አገባች። በየቅዳሜው ሰባት ሰዓት ሲሆን ሱቄ ይመጣሉ፤ አክስቴ ከወዲያ ጫፍ፣ እሳቸው ከወዲህ ጫፍ ሆነው አንድ ወንበር ላይ ዜና ይሰማሉ። ዜናው ያው ነው። ግስጋሴው ይቀጥላል፤ ጠላት ይደመሰሳል፤ በዓለም ዙሪያ ጭቁኖች ይነሣሉ። ዜናው ሲያበቃ እትዬ የሺመቤት "ዛሬም ስሙን አልጠሩትም፤ እሰይ፣ ደህና ነው ማለት ነው" ብለው ይሄዳሉ። ራዲዮኑን ልሸጠው ብዬ ነበር። ባልከፍተው ደግሞ እሳቸው ምን ይሆናሉ ብዬ ተውኩት። ጨርቅ እየቆረጥኩ፣ ድንጋይ እያሞቅሁ፣ የማላምነውን ነገር ለሚያምኑት ሴት ስከፍት ኖርኩ። ዛሬ ያ የፀጉር ቤት ልጅ ስልኩን ከፍቶ "ይኸው አባባ፣ የዓለም ዜና በሙሉ በእጅ ነው" ሲለኝ የምስቀው ለዚህ ነው። በእጅ ነበር ድሮም።

እትዬ የሺመቤት የሞቱት ያ መንግሥት ሊወድቅ ሲል ነው። ሳል ብቻ ነበር፤ ጠፉብን። መንግሥት ተለውጦ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ሲያልፍ ለማየት አልደረሱም፤ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ፊት ስመለከት ከረምኩ፣ ካሳውን የሚመስል ረጅም ሰው አላየሁም፤ ያም ቢሆን ሞቷል ለማለት አይበቃም። በቀብራቸው ዕለት ሰዉ ብዙ ነበር። ሬሳው ግቢው መሃል አርፎ ሁሉም አክስቴን ጠበቀ። እናት ስትሞት ሙሾው በልጇ ነው የሚጀመረው፤ ልጁን ጠርተው ነው እናቱን የሚያለቅሱት። አክስቴ አርጅታ ነበር፤ በእኔ ክንድ ተደግፋ ወደ መሃል ገባች። እጇን አነሣች። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እየሰማ ወደ እኔ ዞረች።

"ሲሳይ" አለችኝ፣ "ካሳውን ና እናትህን ቅበር ልበለው፣ ወይስ ተነሥና እናትህን ተቀበላት ልበለው?"

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በሰፈሩ ራዲዮን ያለኝ እኔ ነበርኩ።

"አላውቅም፣ አክስቴ" አልኳት።

አንድ አፍታ አየችኝ። ከዚያ እጇን አወረደችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ሌላ ማንም አፉን አልከፈተም፤ ሌላ ሰው አፉን እንዳይከፍት የተባለው ቃል ነበረብን። እትዬ የሺመቤትን ያለ ሙሾ ቀበርናቸው።